ነፃ ተብለው የተሰቀሉት ወይዘሮ ርብቃ ነርስ

ዘ ክሩሲብል የተሰኘውን የአርተር ሚለርን ተውኔት ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው ጆን ፕሮክተርን ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፋችን በመድረኩ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ ብቅ የሚሉትን አሮጊት፣ ወይዘሮ ርብቃ ነርስን ለአንባቢዎቻችን ለማስተዋወቅ እንወዳለን። እሳቸው ደራሲው የፈጠራቸው ሴት አይደሉም። በእውን የኖሩ፣ በእውንም የተሰቀሉ ናቸው። ነርስ የሚለውም የባላቸው የቤተሰብ ስም ነው እንጂ የሐኪም ቤት ሥራ እንዳይመስላችሁ። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ርብቃ ግሬት ያርመዝ በተባለች የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ በ1621 ክርስትና ተነሡ። ቤተሰባቸው ባሕር ተሻግሮ ዛሬ ማሳቹሴትስ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል ሰፈረ። እሳቸውም ፍራንሲስ ነርስ የተባለ፣ የእንጨት ትሪና ዕቃ እየጠረበ የሚተዳደር ሰው አግብተው ስምንት ልጆች ወለዱ። ባልና ሚስቱ ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ በ1678 ሳሌም መንደር ውስጥ 300 ኤከር የሚሆን እርሻ፣ ዋጋውን ቀስ በቀስ ለመክፈል ተዋውለው ያዙ። ትሪ ጠራቢ የነበረ ሰው ባለ ሰፊ መሬት ሲሆን ዝም ብሎ የሚያይ ጎረቤት የት ይገኛል? በዚያ ላይ የርብቃ ወገኖች ከነበሩበት ከቶፕስፊልድና ከሳሌም መንደሮቹ ፑትናሞች መካከል የቆየ የወሰን ጠብ ነበር።

በ1692 ክረምት የመንደሩ ቄስ የሳሙኤል ፓሪስ የ9 ዓመት ልጅ ቤቲና የ11 ዓመቷ ዘመዷ አቢጌል ዊልያምስ መጮህ፣ መንፈራገጥ፣ አካላቸውን ማጣመም ጀመሩ። የ12 ዓመቷ አን ፑትናምና ሌሎችም ተከተሏቸው። ሐኪም ቢጠራ የክፉ መንፈስ እጅ አለበት ተባለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናብራራ። በአማርኛ ጠንቋይ ስንል ብዙውን ጊዜ ሰው ገንዘብ ይዞ በራሱ እግር የሚሄድበትን አዋቂ ነኝ ባይ ማለታችን ነው። የሳሌሙ ክስ ግን ሌላ ነው። ተከሳሹ ከሰይጣን ጋር ውል ተፈራርሞ ሰው ይጎዳል የሚል ሲሆን፣ በሕጉም ቅጣቱ ሞት ነበር።

ማስረጃውስ ምን ነበር? ከሁሉ የሚያስደነግጠው ይኸው ነው። ልጆቹ የተከሳሹ አምሳል በመንፈስ መጥቶ እንደነከሳቸው፣ እንደቆነጠጣቸው ይናገራሉ። አምሳሉን የሚያዩት እነሱ ብቻ ናቸው። ተከሳሹ በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቶ ነበር ብሎ ምስክር ቢያቆም ምንም አይጠቅመውም፤ የመጣው ሥጋው ሳይሆን መንፈሱ ነዋ! እንዲህ ዓይነቱን ክስ በምን ማስተባበል ይቻላል?

መጀመሪያ የተያዙት አንዲት ለማኝ፣ አንዲት በሽተኛና አንዲት ባሪያ ነበሩ። ለእነዚህ የተከራከረ ሰው እምብዛም አልነበረም። መጋቢት ላይ ግን የ71 ዓመቷ የርብቃ ስም ተጠራ። በጸሎታቸውና በጨዋነታቸው አገር የሚያውቃቸው ሴት ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ወሬውን ሊነግሯቸው ቢሄዱ ታመው ከአልጋ ከዋሉ ከሳምንት በላይ ሆኗቸው አገኟቸው። እሳቸውም ስለራሳቸው ምንም ሳያውቁ በቅድሚያ ስለታመሙት ልጆች አዝነው ተናገሩ። ስማቸው መነሣቱን ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ በስተርጅና እንዲህ ያለ መከራ የመጣባቸው ንስሐ ያልገቡበት ምን ኃጢአት ቢኖርባቸው ይሆን እያሉ ራሳቸውን መረመሩ። ከጠያቂዎቹ አንዷ ኤልሳቤጥ ፖርተር የመርማሪው ዳኛ የጆን ሃቶርን እህት ነበረች።

መጋቢት 24 ቀን ለምርመራ ቀረቡ። አንገታቸውን ዘንበል ሲያደርጉ ልጆቹም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጮሃሉ። ዕንባ ሳያወጡ መቆማቸው እንኳ ተቆጠረባቸው። በዚያው ቀን ዶሮቲ የተባለች ከአራት እስከ አምስት ዓመት የምትሆን ሕፃን በዚሁ ክስ ተይዛለች። የሕፃናት ነገር የሚመለከተን እኛ ይህን ስናነብ ማመን አቅቶን ነበር፤ ግን እውነት ነው።

በዚያ ፍርሃት መካከል ወደ አርባ የሚጠጉ ጎረቤቶች ስለ ርብቃ መልካም ጠባይ ፈርመው ለፍርድ ቤቱ አቀረቡ። ለተከሳሽ መቆም ራሱን የቻለ ወንጀል በሚመስልበት ወቅት ስምን በወረቀት ላይ ማስፈር ቀላል ነገር አልነበረም። ከፈራሚዎቹ መካከል ክሱን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የነበረው ጆናታን ፑትናም ይገኝበታል። ሐሳቡን ለውጦ ነው። የርብቃ እህት ሣራ ክሎይስ በበኩሏ ቄሱ ስለ ይሁዳ ሲሰብክ ብድግ ብላ ከቤተ ክርስቲያን ወጣች። ብዙም ሳይቆይ እሷም ተከሰሰች። ሌላዋ እህት ሜሪ ኢስቲም አልቀረላትም፤ መስከረም ላይ ተሰቀለች።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ርብቃ ለፍርድ ቀረቡ። የፍርድ ሸንጎው ነፃ ናቸው ሲል ወሰነ። እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር! ልጆቹ ግን አዳራሹን በጩኸት አደበላለቁት። ዋናው ዳኛ ዊልያም ስቶውተን ሸንጎው ያላስተዋለው አንድ ቃል ያለ መስሎኛል በማለት ነገሩን መለሰው። ቃሉም ጥፋቷን ያመነች አንዲት እስረኛ ልትመሰክር ስትገባ ርብቃ ከእኛው ወገን የነበረች መሆኗን አንሥተው መገረማቸው ነው። አብራን የታሰረች ማለታቸው ነበር። ዳኛው ግን አብራን የምትጠነቁል ማለት ሊሆን ይችላል አለ። የሸንጎው አለቃ ቶማስ ፊስክ ቃሉን እንዲያብራሩ ጠየቃቸው። መልስ የለም። ለካ ጆሯቸው ይከብድ ነበር፤ ሐዘኑም አፍዟቸዋል፤ ጥያቄውን አልሰሙትም። ዝምታቸው እንደ ማመን ተቆጥሮ ነፃ የተባሉት ሴት ጥፋተኛ ተባሉ። በኋላ ይህንኑ በጽሑፍ አስረዱ፤ ማን ሰምቷቸው!

አገረ ገዢው ዊልያም ፊፕስ ቅጣቱ እንዲታገድ አዞ፣ ተቃውሞ ሲበዛበት መልሶ አነሣው። ሐምሌ 3 ቀን ቤተ ክርስቲያናቸው አወገዘቻቸው። ለሃይማኖተኛ ሴት ይህ ከገመዱ ያልተናነሰ ሞት እንደነበር እንገምታለን። ጥፋቱን አምኖ የሌላውን ስም የሚጠራ ሰው ሕይወቱ ይተርፍ ነበር። እሳቸው ግን ያላደረጉትን አደረግሁ አላሉም። ሐምሌ 19 ቀን 1692 ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር ተሰቀሉ። እንደ ቤተሰቡ ትውፊት ልጆቻቸው በሌሊት ሬሳቸውን አንሥተው በእርሻቸው ላይ ቀበሯቸው።

እዚህ ላይ ተውኔቱና ታሪኩ ይለያያሉ። ሚለር ርብቃንና ፕሮክተርን በአንድ ቀን ይሰቅላቸዋል። በእውነቱ ፕሮክተር የተሰቀለው ከአንድ ወር በኋላ ነሐሴ 19 ቀን ነው። ደግሞም ፕሮክተር 60 ዓመት የሆነው ሰው ሲሆን አቢጌል የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በመካከላቸው የፍቅር ነገር አልነበረም። በዚህ ደራሲውን አንነቅፍም። ተውኔቱን በ1953 ለመድረክ ያበቃው በአገሩ ሰዎች በኮሚኒስትነት እየተጠረጠሩ ጓደኞቻቸውን እንዲጠቁሙ ይገደዱ በነበረበት ጊዜ ነው። በ1956 እሱም ተጠርቶ የሌሎችን ስም እንዲናገር ቢጠየቅ እምቢ አለ። በ1957 ተፈረደበት፤ በ1958 ፍርዱ ተሻረለት።

በሳሌም 19 ሰዎች ተሰቅለው፣ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ተጭኖበት ሞቶ፣ ሌሎችም በእስር ቤት ካለቁ በኋላ ሰው ነቃ። በ1697 ሳሙኤል ሲዎል የተባለው ዳኛ በአደባባይ ጥፋቱን አመነ፤ ቶማስ ፊስክና ሌሎች የሸንጎው አባላትም ይቅርታ ጠየቁ። ስቶውተን ግን እስኪሞት ይቅርታ አልጠየቀም። አን ፑትናም በ1706 በቤተ ክርስቲያን ቆማ፣ ይቅርታ ከጠየቀቻቸው መካከል በተለይ የርብቃን ቤተሰብ ጠቀሰች። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው እንጂ በጥላቻ አይደለም ማለቷን ግን እኛ ሙሉ በሙሉ ለመቀበል ይከብደናል። የመሬቱ ጠብ የወላጆቿ ነው፣ እሷ ልጅ ነበረች፤ ቢሆንም ያ ጠብ ሲወራ በምን ቤት እንዳደገች አይረሳም።

በ1711 መንግሥት ለቤተሰቡ 25 ፓውንድ ካሣ ከፈለ፤ በ1712 ቤተ ክርስቲያን ውግዘቱን ሰረዘች። ፍራንሲስ ነርስ ይህን ሳያይ በ1695 ሞቷል። በ1885 ዘሮቻቸው በእርሻው መቃብር ላይ ሐውልት አቆሙላቸው። በ1892 ደግሞ አጠገቡ ሁለተኛ ድንጋይ ተተከለ። በዚህኛው ላይ የተቀረጹት የርብቃን መልካም ጠባይ መስክረው የፈረሙት የነዚያ ጎረቤቶች ስሞች ናቸው።