የመነጽር ሠሪው የባሩክ ስፒኖዛ ታሪክ

ሆላንድ በሚባለው አገር፥ አምስተርዳም በሚባለው ከተማ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1632 ዓመት ባሩክ ስፒኖዛ ተወለደ። ወገኖቹ አይሁድ ነበሩ። አስቀድመው በፖርቱጋል ይኖሩ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ አገር የአይሁድን ሃይማኖት በስውር የያዘ ሰው በእሳት እስከ መቃጠል ድረስ ይቀጣ ነበርና ሸሽተው ወደ ሆላንድ መጡ። አባቱ ነጋዴ ነበረ። ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ኦሪትንና ነቢያትን በዕብራይስጥ ቋንቋ ተማረ።

ባሩክ ትምህርት ፈጥኖ የሚገባው ልጅ ነበረ። ካደገ በኋላ ግን ስለ እግዚአብሔርና ስለ መጻሕፍት የተነገረውን ሁሉ ይመረምር ጀመር። የምኵራቡ አለቆች ተቈጡ። በ1656 ዓመት፥ ዕድሜው 23 ሲሆን፥ አወገዙት። ግዝቱም እጅግ የከበደ ነበረ። ከወገኖቹ ማንም እንዳያነጋግረው፥ ከርሱም ጋር ባንድ ቤት እንዳያድር፥ እስከ አራት ክንድ ድረስ እንኳ እንዳይቀርበው፥ የጻፈውንም እንዳያነብ ታዘዘ።

ስፒኖዛ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ማኅበር አልገባም፤ ክርስቲያንም አልሆነም። በዚያን ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነበረ። ብዙ ሰዎች ፍርድንና ሲኦልን የማይፈራ ሰው ከመስረቅና ከመዋሸት የሚከለክለው ምንም ነገር የለም ብለው ያምኑ ነበርና። ስለዚህ የዚህ ሰው ኑሮ እንዴት እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል።

አባቱ ከሞተ በኋላ በውርስ ምክንያት ከእኅቶቹ ጋር ተጣላ። እነርሱ ድርሻውን ሊያስቀሩበት ፈለጉ። እርሱም ወደ ዳኛ ሄዶ ተሟገተና ረታ። ከረታም በኋላ አንድ አልጋ ከነመጋረጃው ብቻ ወስዶ የቀረውን ሁሉ ለነርሱ ተወላቸው። የፈለገው ገንዘቡን ሳይሆን ፍርዱ በቅን እንዲፈረድ ነበረ። በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ለእኅቱ የርስት ድርሻዋን የሚነፍግ ሰው ስንት ነው!

እንጀራውን የሚያገኘው በእጁ ሥራ ነበር። መስተዋት እየሞረደና እየወለወለ ለዓይን መነጽር፥ ደግሞም ሩቁን ለሚያቀርብና ጥቃቅኑን ለሚያጐላ መሣሪያ የሚሆን አድርጎ ይሠራ ነበር። ሥራው እጅግ የጠራ ስለ ነበረ የታወቁ ሊቃውንት ይፈልጉት ነበር። ሲሞን ደ ፍሪስ የሚባል ወዳጁ 2000 ፍሎሪን ሊሰጠው ወደደ፤ ፍሎሪን የዚያ አገር ገንዘብ ነው። ስፒኖዛ ግን ይህን የሚያህል ገንዘብ ከሥራዬ ያስፈታኛል ብሎ አልቀበልም አለ። ደ ፍሪስም ሀብቱን ሊያወርሰው ባሰበ ጊዜ፥ ወንድም ያለው ሰው ሀብቱን ለወንድሙ መተው እንደሚገባው ነገረው። በመጨረሻ ወንድምየው በየዓመቱ 500 ፍሎሪን እንዲሰጠው ታዘዘ፤ ስፒኖዛ ግን 300 ይበቃኛል ብሎ ሌላውን መለሰ። ምግቡ አንዳንድ ቀን በቅቤ የተሠራ የወተት ሾርባ ብቻ ነበረ። በየሦስት ወሩም ሒሳቡን እያሰበ ካለው በላይ እንዳያወጣ ይጠነቀቅ ነበር።

በ1670 ዓመት ስሙን ሳይጽፍ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ የእምነት ፍሬ ፍርድን ማድረግና ባልንጀራን መውደድ እንደ ሆነ፥ ሰውም በሥራው እንጂ በቃሉ ብቻ እንደማይታወቅ ጻፈ። በ1674 ዓመት መጽሐፉ በሆላንድ ተከለከለ። እግዚአብሔር የለም አላለም፤ ነገር ግን እግዚአብሔር እንደ ምድር ንጉሥ የሚቈጣና የሚሸልም አይደለም፤ ያለው ነገር ሁሉ በእግዚአብሔር ውስጥ አለ ብሎ አስተማረ። ሲኦልን ፈርቶ ብቻ ከክፉ የሚርቅ ሰው ሳይወድ እንደሚታዘዝ ባሪያ ነው ይል ነበር። ሰዎችም ይህ ክህደት ነው አሉ።

በ1672 ዓመት የፈረንሳይ ጦር ሆላንድን በወረረ ጊዜ ሕዝቡ ተቈጥቶ ሁለት ወንድማማች ሹማምንትን፥ ዮሐን ደ ዊትንና ኮርኔሊስን፥ ሄግ በምትባለው ከተማ በመንገድ ላይ ገደላቸው። ስፒኖዛ በዚያች ከተማ ይኖር ነበር። የገዳዮቹን አረመኔነት የሚገልጥ ጽሑፍ ጽፎ ግድያው በተደረገበት ስፍራ ሊለጥፍ በሌሊት ተነሣ። የቤቱ ጌታ ግን ይገድሉታል ብሎ ፈርቶ በሩን ቈለፈበት።

ይህ የቤት ጌታ ቫን ደር ስፔይክ የሚባል ሥዕል ሠሪ ነበረ። ስፒኖዛ ከርሱና ከሚስቱ ከልጆቹም ጋር በሰላም ተቀመጠ። ሲታመሙ ያጽናናቸው ነበር፤ ልጆቹንም ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ፥ ቤተ ክርስቲያንም እንዳያስታጕሉ ይመክራቸው ነበር። አንድ ቀን የቤቱ እመቤት በሃይማኖቷ ትድን እንደ ሆነ ጠየቀችው። እርሱም ሃይማኖቷ መልካም እንደ ሆነ፥ በሰላምና በደግነት እስከ ኖረች ድረስ ሌላ መፈለግ እንደማያስፈልጋት መለሰላት። ራሱ ያልያዘውን ሃይማኖት ከሌላ ሰው እጅ ሊነጥቅ አልወደደም።

እነሆ፥ ሃይማኖት የሌለው ሰው ደግ ሊሆን አይችልም የሚል ሰው ለዚህ ኑሮ መልስ መፈለግ አለበት። ነገር ግን ደግነት ያለ ሃይማኖት ይበቅላል ብሎ በስፒኖዛ የሚመሰክርም ቢሆን ፈጥኖ ደስ አይበለው። ስፒኖዛ ኦሪትን የተማረ ልጅ ነበረ፤ አትስረቅ፥ ባልንጀራህን ውደድ የሚለውን ትእዛዝ ገና ፊደል ሲቈጥር ሰምቶታል። ዘሩ የተዘራው መቼ እንደ ሆነ መከሩን በማየት ብቻ አይታወቅም።

ስፒኖዛ በ1677 ዓመት በየካቲት ወር በእሑድ ቀን በሳምባ በሽታ ሞተ፤ ዕድሜውም 44 ነበረ። የቤቱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሞቶ አገኙት። ዋናው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው።

ከ16 ዓመት በኋላ ኮሌሩስ የሚባል የሉተራውያን ሰባኪ ወደ ሄግ መጣ። ስፒኖዛ አስቀድሞ በተከራየው ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ኮሌሩስ የስፒኖዛን ትምህርት እጅግ ይጠላ ነበር። ቢሆንም የሥዕል ሠሪውን ቤተ ሰቦች ጠይቆ፥ ወረቀቶቹንም መርምሮ፥ በ1705 ዓመት የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ፤ ያገኘውንም ደግነት አልደበቀም። ከብዙዎቹ የስፒኖዛ ጠላቶች የሚለየው በዚህ ነው።

ከወረቀቶቹም መካከል ስፒኖዛ ሲሞት የቀረበት ዕዳ ተጽፎ አገኘ። ጢሙን ይላጨው የነበረው ሰው የሦስት ወር ዋጋውን፥ አንድ ፍሎሪን ከጥቂት ሳንቲም፥ ሲጠይቅ ሟቹን ነፍስ ኄር ብሎ ጽፎታል። ብረት ሻጮቹም፥ የሐዘን ጓንት ያቀረበውም ነጋዴ እንዲሁ አድርገው ጽፈዋል። ሰባኪው ይህን አይቶ ተገረመ፤ ትምህርቱን ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ አይሉትም ነበር፥ ወይም በልማድ ብለውት ይሆናል ብሎ ጻፈ። ዕዳው ሁሉ ግን ተከፈለ።