ቀዩ ከበርቴ ሮንግ ዪረን

የቻይና ኩባንያዎች ዛሬ በየአህጉሩ ማዕድን ይገዛሉ፤ ፋብሪካ ይተክላሉ። መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ግን የከበርቴ ልጅ ነበር።

ሮንግ ዪረን እ.ኤ.አ. በ1916 በዉሺ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በዱቄትና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የታወቀ ነበር። በ1949 አብዮቱ ሲያሸንፍ ብዙ ዘመዶቹ ሲሰደዱ እርሱ ሻንግሃይ ቀረ። በ1956 ፋብሪካዎቹ ከመንግሥት ጋር የጋራ ይዞታ ሆኑ፤ እርሱም ምክትል ከንቲባ፣ ኋላም ምክትል ሚኒስትር ሆነ። ብሔራዊ ከበርቴ ከአብዮቱ ጋር ይዘልቃል ወይ እያለ የእኛ የተማሪ ንቅናቄ በወረቀት የተከራከረበትን ጥያቄ ይህ ሰው በሥጋው ቀምሶታል። በባህል አብዮት ጊዜ ቀይ ዘቦች ደብድበውታል።

በ1979 ዴንግ ሺያዎፒንግ አስጠርቶ የውጭ ካፒታል የሚያመጣ ድርጅት እንዲያቋቁም ጠየቀው። ሲቲክ የተባለው የመንግሥት ኩባንያ በዚያው ዓመት ተመሠረተ። በ1982 ጃፓን ውስጥ ቦንድ ሸጦ 10 ቢሊዮን የን ተበደረ።

በ1986 ደግሞ ካፒታሉ አቅጣጫውን ለወጠ። ሲቲክ በአውስትራሊያ ከሚገኘው የፖርትላንድ አሉሚኒየም ማቅለጫ 10 በመቶ ድርሻ ገዛ፤ ቻይና በውጭ አገር ካዋለቻቸው የመጀመሪያ ታላላቅ ካፒታሎች አንዱ ነው። የተገዛው በአብዛኛው በብድር ነበር። በውሉ መሠረት እያንዳንዱ ባለድርሻ የሚወስደው በድርሻው ልክ አሉሚኒየሙን ራሱን ነው፤ አሉሚኒየም ላጠራት አገር ደግሞ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው። ገና ድሃ የነበረች አገር በሰው ገንዘብ የሰው አገር ፋብሪካ ተጋራች! ይህን ብልሃት ከፓርቲ ትምህርት ቤት ይልቅ ከአባቱ ፋብሪካ ሳይማረው አልቀረም።

ከ1993 እስከ 1998 የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። በ2005 ሞተ። ከ1985 ጀምሮ በምሥጢር የፓርቲው አባል እንደነበረ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።