የልብ ወለድ አባት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ

በየክፍላችን ልብ ወለድ የምንለው ቃል ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የደራስያን ሥዕሎችና መጻሕፍት ለሕዝብ ሲታዩ፣ ለአንዱ ደራሲ አጭር የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ታዘዝሁ። የደረሰኝም ይህን ቃል ያወረሱን ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ።

ነጋድራስ አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ ከእኛ ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ወርዶ፣ ከዚያም የጣናን ሐይቅ ወደ ደቡብ ለተሻገረ ሰው የሚገኝ፣ ቡናና ገዳማት የበዙበት አገር ነው። በወጣትነታቸው በምኒልክ ፈቃድ ወደ ኢጣሊያ ተልከው በቶሪኖ ከተማ ሥዕል ተማሩ። ኋላም በናፖሊ ከተማ አማርኛን አስተማሩ፤ የአማርኛ ሰዋስውንም በኢጣሊያንኛ ጽፈው አሳተሙ።

በ1900 ዓ.ም. ልብ ወለድ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በሮማ ታተመ። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻሕፍት ይበልጡን የሃይማኖትን ነገርና የነገሥታትን ታሪክ የሚናገሩ ነበሩ፤ ደራሲ ከልቡ አውጥቶ የወለደው ታሪክ ሲታተም ግን ይህ የመጀመሪያው ሆነ። የመጽሐፉ አርእስትም ለድርሰቱ ዓይነት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ቀረ። ታሪኩ በጦርነት ድል ሆኖ ባርነት ላይ ስለ ወደቀ የጦር አለቃና ስለ መንታ ልጆቹ ስለ ዋሕድና ስለ ጦቢያ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ትንከራተታለች። በመጨረሻም አረማዊው ንጉሥ በክርስትና አምኖ ያገባታል።

የሚያሳዝነው ግን የደራሲው የራሳቸው ታሪክ እንዲህ ባለ ደስታ አልተፈጸመም። በአድዋ ጦርነት ዘመን ከኢጣሊያ ወገን ቆመው ነበር። ይህ ሁሉ ታልፎላቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ነጋድራስ ተብለው ተሾሙ፤ በሮማም የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። ነገር ግን ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ ዳግመኛ ለጠላት አደሩ። እናት አባት አፈወርቅ ያሏቸው ሰው አፈ ቄሣር ተባሉ። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተወሰዱ፤ በዚያም ሳሉ በ1940 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህን በጻፍሁ ጊዜ አንዱ ጓደኛዬ ሥዕላቸው ከግድግዳው ይውረድ አለኝ፤ ሌላው ደግሞ በዓል ነውና መጨረሻውን ዝለለው ብሎ መከረኝ። እኔ ግን ሁለቱንም አልተቀበልሁም። ሥዕሉን ብናወርድ በየቀኑ የምንጠራውን ቃል ባለቤት እንክዳለን፤ መጨረሻውን ብንዘልል ደግሞ በአርበኝነት የወደቁትን አባቶቻችንን እንክዳለን። ስለዚህ ሥራቸውንም ጥፋታቸውንም በአንድ ገጽ ላይ ጻፍሁ።

ጦቢያ የሚለው ስም ሕዝቡ ኢትዮጵያን የሚጠራበት ስም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነጋድራስ አፈወርቅ በመጽሐፋቸው ጦቢያን ከመከራ አውጥተው ለክብር አበቋት፤ እውነተኛዪቱ ጦቢያ በተጨነቀች ቀን ግን ከጎኗ አልተገኙም። እኛም ብዕር የምንይዝ ተማሪዎች፣ መልካም ቃል መጻፍ ብቻውን መልካም ሰው እንደማያደርግ ከእርሳቸው ሕይወት እንማር።