ሃርቪ ኩሺንግ፦ የአንጎል ዕጢ፣ ዕድሜና የታካሚ መዝገብ

ሃርቪ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ተወለዱ። ሕክምናን በሃርቫርድ ተምረው የአንጎል ቀዶ ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት ሐኪሞች ቀዳሚው ሆኑ። ስለ ቀዶ ሕክምናቸው ብዙ ተጽፏል፤ ለዛሬው ተመራማሪ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው የመዝገብ አያያዛቸው ይመስላል። የታካሚውን ዕድሜና የሕመም ታሪክ ይመዘግባሉ፣ የዕጢውን ናሙና ያስቀምጣሉ፣ ከሆስፒታል የወጡትንም በደብዳቤ እየጠየቁ ለዓመታት ይከታተላሉ። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ከፐርሲቫል ቤይሊ ጋር በ1925 ሜዱሎብላስቶማ የተባለውን፣ በአብዛኛው በሕፃናት ንዑስ አንጎል ላይ የሚወጣውን ዕጢ ለይተው አሳወቁ። በማግሥቱ ዓመት የግላዮማ ዓይነቶችን በሕዋሳቸው መልክ መድበው ታካሚዎቹ በሕይወት ከቆዩበት ጊዜ ጋር አገናዘቡ።

በ1939 በልብ ሕመም ዐረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር በራሳቸው አንጎል ውስጥ ትንሽ ዕጢ መሰል ከረጢት ተገኘ። ናሙናዎቻቸው ዛሬም በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 በግላዮብላስቶማ ናሙናዎች ላይ የአይዲኤች1 ዘረመል ለውጥ ተገኘ። ለውጡ በወጣት ታካሚዎች ይበዛል፤ ያለባቸውም ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ። የወጣትነት ብልጫ ይመስል ከነበረው ከፊሉ የዕጢው የዘረመል ልዩነት ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ለመለየት ትክክለኛ ዕድሜ ያስፈልጋል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከአዲስ ቅዳም ዙሪያ ገጠር በሚመጣ አዋቂ ታካሚ ካርድ ላይ ዕድሜ በግምት ሊሞላ ይችላል። ይህ ለእንዲህ ያለው ጥናት ከመመርመሪያ መሣሪያ እጥረት የማይተናነስ እንቅፋት ነው።