ዳግማዊ ምኒልክና የአውቶሞቢል እውነተኛ ዋጋ

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ። ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ የወጣትነት ዘመናቸውን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ በግዞት አሳልፈው፣ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የሸዋን መንግሥት ያዙ፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል አደረጉ። ይህን ታሪክ ጸሐፍት በሰፊው ስለተረኩት እዚህ መድገም አያሻም። ለእኛ ለመሐንዲሶች ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው የኋለኛው ዘመናቸው ነው።

በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ባመጣ ጊዜ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው። ከሞጣ ወዲያ በዓባይ ላይ የሚገኘው የጥንቱ ድልድይ፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የምንለው፣ የታደሰውም በእርሳቸው ዘመን ነው።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ዎልስሊ የተባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አዲስ አበባ አደረሰ። መንገድ በጠፋበት ስፍራ አውቶሞቢሉን የጎተተው ሰውና ከብት ነበር። ብዙ ሳይቆይ ጀርመናዊው ሆልትዝ ሁለተኛውን አመጣ። የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ዋጋ ፋብሪካው በጠየቀው ገንዘብ ብቻ አይለካም። ቤንዚኑ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባቡር ድሬዳዋ ይደርስና የቀረውን መንገድ በጭነት ከብት ይጓዛል። ጎማውም፣ መለዋወጫውም፣ የሚጠግነው ባለሙያም ከባሕር ማዶ ይጠበቃል።

የሚያስገርመው፣ በዚያ ዘመን ቤንዚን ገና አሸናፊ አልነበረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 አሜሪካ ውስጥ 1,681 የእንፋሎት፣ 1,575 የኤሌክትሪክ፣ 936 የቤንዚን አውቶሞቢሎች ተሠሩ። የምኒልክ ቤተ መንግሥትም አውቶሞቢል ከማየቱ በፊት የኤሌክትሪክ መብራት አይቷል፤ በ1904 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የአቃቂ ወንዝ ኃይል ያመነጭ ጀመር። ማገዶው ከአገር ወንዝ፣ ቤንዚኑ ግን ከባሕር ማዶ መሆኑ ነው።

ይኸው ሒሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ ቢቸናና ሞጣ ደርሷል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥና የታክስ ቅናሽ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። አነስተኛ የቤንዚን መኪና በ100 ኪ.ሜ. 7 ሊትር ያህል ሲያቃጥል፣ የኤሌክትሪኩ 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ዘይት መቀየርም የለበትም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና የሚሄድ ሰው የዓባይን በረሃ ማለፍ አለበት። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከወንዙ ወደ ደጀን 1,300 ሜትር ያህል ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይከፍላል። ከጎሐ ጽዮን ሲወርድ ሞተሩ ጉልበቱን በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የቤንዚኑ ፍሬን ግን ያንኑ ጉልበት ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል።

ስለዚህ በመንገድ ወጪ የኤሌክትሪኩ ይረክሳል። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው፤ ይኸውም የባትሪው ዋጋ፣ የመብራት መቋረጥና የመካኒክ እጥረት። ብዙ የማይነዳ የሞጣ ነጋዴ ለመኪናው የከፈለውን ትርፍ ገንዘብ ከቤንዚን ቁጠባ መልሶ ለማግኘት ረጅም ዓመት ይፈጅበታል። ቀን ከሌት ተሳፋሪ የሚያመላልሰው ግን ቶሎ ያገኘዋል።

ምኒልክ በአውቶሞቢላቸው ብዙ አልተደሰቱበትም። ከመጣ ብዙም ሳይቆይ በጽኑ ታመሙ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ቤንዚኑን ከከብት ጀርባ ያወረደው ባቡር አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።