ጆን ኒውተን፦ ጸጋ ዓይኑን ቀስ በቀስ የከፈተለት ሰው

በማኅበራችን መካከል ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሰው በእምነት ጸድቆ ኃጢአቱ ሁሉ ከተሰረየለት በኋላ ኃጢአት ገና በእርሱ ውስጥ የሚገኘው ስለ ምንድር ነው የሚል ነው። ይልቁንም ሰውየው ራሱ ኃጢአት መሆኑን ያላወቀው ነገር ቢኖርበት እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር እንዴት ይሠራል? ይህን በትምህርት ቃል ብቻ ከመመለስ ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት በፊታችሁ ልናቀርብ ወደድን። ሰውየው የእንግሊዝ አገር ቄስና የመዝሙር ደራሲ የነበረው ጆን ኒውተን ነው። የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ኒውተን በ1725 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ በሜዲትራንያን ባሕር የሚነግድ የመርከብ አለቃ ነበረ። እናቱ ኤልሳቤጥ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች፤ ልጅዋንም ገና በሕፃንነቱ ቅዱሳት መጻሕፍትን፥ የሃይማኖት ትምህርትንና መዝሙርን በቃሉ አስጠናችው። ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳ ይዟት በ1732 ዓ.ም. ልጅዋ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተች። ልጁም በዐሥራ አንድ ዓመቱ ከአባቱ ጋር ወደ ባሕር ወጣ። የእናቱ ትምህርት በደረቅ መሬት እንደ ተቀበረ ዘር ሆኖ ብዙ ዘመን ሳይበቅል ቆየ።

በ1744 ዓ.ም. የባሕር ኃይል ሰዎች በግድ ይዘው በጦር መርከብ ላይ እንዲያገለግል አደረጉት። ከዚያ ሊኮበልል ሲል ተይዞ በባልደረቦቹ ፊት በጅራፍ ተገረፈ፤ ከማዕረጉም ወረደ። በዚህ ወራት የእናቱን እምነት ፈጽሞ ጥሎ ነበር፤ እርሱ መካዱ ሳይበቃው ሌሎችን ለማስካድ ይደክም፥ የእግዚአብሔርንም ስም ይሳደብ ነበር። ቆይቶ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ፥ በሴራሊዮን አጠገብ ባለ ደሴት ላይ፥ ለአንድ ነጭ ባሪያ ነጋዴ አደረ። በዚያ በንዳድ ታምሞ ሳለ የቤቱ ሰዎች ናቁት፤ ምግብ ነሡት፥ ልብሱም አልቆ በዝናብና በፀሐይ ተንገላታ። በዚያን ጊዜ በሰንሰለት የታሰሩት ባሮች ከጥቂት ምግባቸው ከፍለው በስውር ያበሉት እንደ ነበረ ኋላ እርሱ ራሱ ጽፎአል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር በልብህ ያዘው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

በኋላ የአባቱ ወዳጅ የላከው መርከብ አገኘውና ወደ አገሩ ሊመለስ ተሳፈረ። መርከቢቱ ሰምና እንጨት ጭና ነበር። በ1748 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ሌሊት ታላቅ ማዕበል ተነሣ፤ የመርከቢቱ ጎን ተሰነጠቀ፥ ውኃም ገባባት። ኒውተን ከሌሎቹ ጋር ብዙ ሰዓት ውኃ ሲያስወጣ ዋለ፤ ከዚያም በመርከቢቱ መሪ አጠገብ ቆሞ ያለፈ ሕይወቱን አሰበ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የእግዚአብሔርን ምሕረት የለመነው በዚያን ቀን ነው። ጭነቱ ቀላል ስለ ነበረ መርከቢቱ አልሰጠመችም፤ አራት ሳምንት ያህል ተንከራትታ፥ ስንቅ ሊያልቅ ሲል ወደ አየርላንድ ወደብ ገባች። ኒውተን ያን ቀን እስከ ሞቱ ድረስ በየዓመቱ ያከብረው ነበር።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲናገሩ ከዚህ በኋላ ወዲያው የባሪያን ንግድ ትቶ መዝሙር ጻፈ ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። እውነቱ ከዚህ የሚያሳዝን ነው፤ ለነፍሳችንም ከዚህ የሚጠቅም ነው።

ኒውተን ከማዕበሉ ከዳነ በኋላ መሳደብን ተወ፤ መጸለይና መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ጀመረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በባሪያ መርከብ ላይ ምክትል አለቃ ሆኖ ወደ አፍሪካ ተመለሰ። በ1750 ዓ.ም. ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድዳት የነበረችውን ሜሪ ካትሌትን አገባ፤ ከዚያም እስከ 1754 ዓ.ም. ድረስ ራሱ የመርከብ አለቃ ሆኖ ሦስት ጊዜ ባሮችን ለመጫን ተጓዘ። በእሑድ ቀን መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ያደርስ ነበር። ከእግሩ በታች ግን፥ በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ፥ ወንዶችና ሴቶች ሕፃናትም በእግር ብረት ታስረው ተደራርበው ተኝተው ነበር። በ1752 ዓ.ም. ባሮቹ ሊያምፁ መከሩ ተብሎ በተጠረጠረ ጊዜ ልጆችን አውራ ጣት በሚጨምቅ ብረት አስጨንቆ እንዲናዘዙ እንዳደረገ በገዛ እጁ በመርከቡ መዝገብ ጽፎአል። በረኃቡ ጊዜ ምግባቸውን ያካፈሉት እንደነዚህ ያሉት ሰዎች አልነበሩምን?

እንግዲህ ይህ ሰው ግብዝ ነበረ እንበልን? በሚያውቀው ኃጢአት ላይ በእውነት ይዋጋ ነበር፤ ስለ ስንፍናውና ስለ ክፉ አሳቡ በእግዚአብሔር ፊት ያለቅስ ነበር። የእስር ቤት ጠባቂ መምሰሉ አንዳንድ ጊዜ ያሳዝነው፥ የሚሻል ሥራ እንዲሰጠውም ይጸልይ ነበር፤ ነገር ግን ንግዱ ራሱ ኃጢአት መሆኑ አልታየውም። የአገሩ ሕግ ፈቅዶለታል፥ ታላላቆችና ነጋዴዎች ያከብሩታል፥ በቤተ ክርስቲያንም የሚገሥጸው አልተገኘም። የሰው የኃጢአተኛነቱ ጥልቀት እዚህ ይታያል። ኃጢአት እጃችን የሚሠራው ክፉ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ዓይንንም የሚያሳውር ነው። ልማድን እንደ ልብስ ለብሶ ሲመጣ እንደ ጨዋ እንግዳ እናስተናግደዋለን። ስለዚህ ነው ንጉሥ ዳዊት ስሕተቱን ሁሉ ማስተዋል የሚችል ሰው እንደሌለ ተረድቶ፥ ከተሰወረ ኃጢአት ያነጻው ዘንድ እግዚአብሔርን የለመነው።

በ1754 ዓ.ም. ለአራተኛ ጊዜ በአለቅነት ሊጓዝ ተዘጋጅቶ ሳለ በድንገት ታምሞ ራሱን ሳተ፤ ሐኪሞቹም ጉዞውን እንዲተው መከሩት። ከባሪያ መርከብ የወጣው እንግዲህ ንስሐ ገብቶ ሳይሆን በሽታ ከልክሎት ነው። እግዚአብሔር የአገልጋዩ አእምሮ ሳይገነዘብ አስቀድሞ እግሩን ከዚያ መንገድ አወጣ። በሚመጣው ዓመት በሊቨርፑል ወደብ የጉምሩክ ሹም ሆነ፤ በትርፍ ጊዜውም ግሪክኛና ዕብራይስጥ ተማረ። ለክህነት ቢያመለክትም ብዙ ጊዜ ተከለከለ፤ በመጨረሻ በ1764 ዓ.ም. ተሾሞ ኦልኒ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተላከ።

የኦልኒ ሰዎች አብዛኞቹ ዳንቴል በመሥራት የሚኖሩ ድኆች ነበሩ። ኒውተን ወደ ቤታቸው እየገባ ይጠይቃቸው፥ ልጆቻቸውን ያስተምር፥ ለጸሎት ጉባኤያቸውም መዝሙር ይጽፍ ነበር። ወዳጁ ባለቅኔው ዊልያም ካውፐርም በጽኑ የመንፈስ ጭንቀት ይታመም ነበርና ኒውተን በትዕግሥት አስታመመው። ሁለቱ የጻፏቸው 348 መዝሙሮች በ1779 ዓ.ም. በአንድ መጽሐፍ ታተሙ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚዘመረው ስለ አስደናቂው ጸጋ የሚናገረው መዝሙር ለ1773 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ስብከት የተዘጋጀ ነበር። ይህንም ልብ እንበል፤ ስለ ተመለሰለት የዓይን ብርሃን በዘመረ ጊዜ ስለ ባሪያ ንግድ ገና በአደባባይ አንድ የተቃውሞ ቃል አልተናገረም ነበር። ዓይኑ በርቶ ነበር፤ ነገር ግን ጌታችን በቤተ ሳይዳ እንደ ፈወሰው ዕውር፥ መጀመሪያ ሰዎችን እንደ ዛፍ ያይ ነበር፤ ሁለተኛ የጌታ እጅ ሊነካው ያስፈልግ ነበር።

ራሱ ኒውተን የጸጋን ዕድገት በጌታችን ምሳሌ፥ መጀመሪያ ቡቃያ፥ ቀጥሎ ዛላ፥ ኋላም በዛላው ውስጥ የሞላ ፍሬ እያለ በመልእክቶቹ አስተምሮአል። ገበሬ የሆነ አንባቢያችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ቡቃያው እውነተኛ ጤፍ ነው፤ ነገር ግን ገና አይታጨድም፤ አረሙም አብሮት ይበቅላል።

በ1780 ዓ.ም. ኒውተን ወደ ለንደን ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ። በ1785 ዓ.ም. መጨረሻ ዊልያም ዊልበርፎርስ የሚባል ወጣት የፓርላማ አባል ስለ ነፍሱ ተጨንቆ በስውር ወደ እርሱ መጣ። ኒውተንም የመንግሥትን ሥራ ሳይተው በዚያው እግዚአብሔርን እንዲያገለግል መከረው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዊልበርፎርስ የባሪያን ንግድ ለማስቀረት ተነሣ። በ1788 ዓ.ም. ደግሞ ኒውተን ከባሕር በወጣ በሠላሳ አራተኛው ዓመት ስለ ባሪያ ንግድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ ምክንያት ሳያበዛ ራሱን ከሰሰ፤ ዛሬ የሚያስደነግጠውን ሥራ እርሱ ራሱ ይሠራ እንደ ነበረ፥ ኑዛዜውም እጅግ የዘገየ መሆኑን ገለጠ። ሰዎች በመርከብ ውስጥ በመደርደሪያ እንዳለ መጽሐፍ እንዴት እንደሚደረደሩ፥ እንዴት እንደሚሞቱ ያየውን ጻፈ። በንጉሡ አማካሪዎችና በፓርላማ ፊትም ቀርቦ መሰከረ። ስሙ የተከበረ ሽማግሌ ቄስ ሳለ ነውሩን በአደባባይ ማውጣቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1807 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የባሪያን ንግድ የሚከለክለው ሕግ ወጣ። ኒውተን ዓይኑ ፈዝዞ ጉልበቱ ደክሞ ነበር፤ ቢሆንም ይህን ለማየት በቃ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በ82 ዓመቱ ዐረፈ። ለመቃብሩ ባዘጋጀው ጽሑፍ ክሕደቱንና በአፍሪካ የነበረበትን ውርደት አልሸሸገም፤ የዳነው በክርስቶስ ምሕረት ብቻ መሆኑን እንዲያስታውቅ አደረገ።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? አንደኛ፥ ጽድቅ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ቅድስና ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ሉተር ያመነ ሰው በአንድነት ጻድቅም ኃጢአተኛም እንደ ሆነ፥ አሮጌውም ሰው በየዕለቱ በንስሐ ሊሞት እንደሚገባው ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሁለተኛ፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች እንደ ጻፈው የእግዚአብሔር ፈቃድ የእኛ መቀደስ ነው። ፈቃዱም ከስንፍናችን ይልቅ ታጋሽና ብርቱ ነው፤ በማዕበልም በበሽታም በወዳጅ ጥያቄም ይሠራል። ሦስተኛውም ከሁሉ ይከብዳል። ጌታ ለኒውተን ይቅር ብሎታል፤ ነገር ግን በመርከቡ ተጭነው የተሸጡት ሰዎች ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። እኛ በቅድስና ስንዘገይ የመዘግየታችንን ዋጋ የሚከፍለው ጎረቤታችን ነው። ስለዚህ ቅድስና ቀስ በቀስ ነው ብለን ልንተኛ አይገባንም።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በእኛም አገር ባሪያ መሸጥና መግዛት ለብዙ ዘመን እንደ ነውር አልተቈጠረም ነበር፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ዓ.ም. ነው። የወንጌል አባታችን ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ከኢሉባቦር ተነጥቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሽጠዋል፤ በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ ወጥተው በእምኩሉ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፥ በ1872 ዓ.ም. ተጠመቁ፤ ኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ ተረጐሙ። ሰው እንደ ዕቃ የቈጠረውን እግዚአብሔር ቃሉን እንዲያደርስ ሾመው።

እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር። ስካርንና ዝሙትን ኃጢአት እንላለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ልጃችን ለጋብቻ የመረጠው ሰው የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ሲሆን አጥንት የምንቈጥር፥ አያቱ በባርነት ያደሩትን በሹክሹክታ የምንለይ፥ በአንድ ጽዋ ቈርበን ስናበቃ በቤታችን ማዕድ የምንጸየፍ የለንምን? ይህን ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው እንላለን። ኒውተንም እንዲሁ ይል ነበር። በእሑድ የምናሰማው መዝሙር ከእግራችን በታች ያለውን የወንድማችንን ልቅሶ እንዳይሸፍንብን እንጠንቀቅ።

ዓይናችንን የከፈተልን ጌታ ሁለተኛ ይዳስሰን፤ የተሰወረብንን ያሳየን፥ ያየነውንም እንድንናዘዝ ድፍረትን፥ የበደልነውንም እንድንክስ ፈቃድን ይስጠን። አሜን።