ባንኮቹ በተዘጉበት ሳምንት ሩዝቬልት ለሕዝቡ እንዴት ተናገሩ



ባለፈው ዓመት የቁጠባ ገንዘባችን ካዝና ውስጥ የለም የሚል ወሬ ተነሥቶ ብዙ እናቶች ደብተራቸውን ይዘው ቢሯችን በር ላይ የተሰለፉበትን ሳምንት የምትረሱት አይመስለንም። እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ያን ጊዜ ያደረግነው ነገር ቢኖር የሀብትና ዕዳ መግለጫውን አትመን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበር። ቁጥሩ በአንድ ሳንቲም እንኳ አልተሳሳተም። የሚያነበው ግን አልተገኘም፤ እንዲያውም አንዲት እናት ቁጥሩ መብዛቱ ራሱ የምንደብቀው ነገር ቢኖር ነው ብለው ተቆጥተውን ሄዱ። ሰልፉ የላላው ሊቀመንበራችን በረንዳው ላይ ቆመው ገንዘቡ ለወፍጮ፣ ለበግ ማድለቢያና ለእንጀራ ምጣድ መግዣ በብድር እንደወጣ፣ በየወሩም እንዴት እንደሚመለስ ካስረዱ በኋላ ነው። እኛም ወረቀቱ ላይ ያሰፈርነው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ ሲከነክነን ቆይቶ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የፍራንክሊን ሩዝቬልት ታሪክ እጃችን ገባ። የእኛ ጭንቀት ትንሽ ነበር፤ የእሳቸው የአንድ ታላቅ አገር ጭንቀት ነበር። ዓይነቱ ግን አንድ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሩዝቬልት ጃንዋሪ 30 ቀን 1882 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሃይድ ፓርክ በሚባል ቦታ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለዱ። ለእናታቸው አንድ ልጅ ነበሩ። ሃርቫርድ ተማሩ፤ በ1905 የሩቅ ዘመዳቸውን ወይዘሮ ኤሊኖርን አገቡ፤ በ1910 ለኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት ተመረጡ፤ ከ1913 ጀምሮ የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር ሆነው ሠሩ። በዚያ ዕድሜያቸው የሚያውቋቸው ሰዎች ኩሩ ናቸው ይሏቸው ነበር። ድሃ ምን እንደሚቸግረው የሚያውቁበት አጋጣሚም አልነበራቸውም።

በኦገስት 1921፣ በ39 ዓመታቸው፣ የልጅነት ልምሻ የምንለው በሽታ ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ያለ ድጋፍ ቆመው አልሄዱም። እግራቸውን በብረት አስረው፣ አንድ እጃቸውን በምርኩዝ ሌላውን በሰው ክንድ ላይ አድርገው መራመድን ለመማር ዓመታት ፈጀባቸው። ለሕክምና ብለው ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ ወደሚባል ፍል ውሃ ይመላለሱ ነበር። እዚያም በእጅ ብቻ የሚነዳ መኪና አሠርተው በየገጠሩ እየዞሩ ከገበሬዎች ጋር ያወጉ ነበር። የገበሬው የጥጥ ዋጋ፣ ዕዳውና የሚያምነው ባንክ መዘጋቱ ምን እንደሚያስከትል ከራሱ ከባለቤቱ አፍ የሰሙት በዚያ ነው። ሕመሙ ነው ሰው ያደረጋቸው የሚሉ አሉ። እኛ ይህን ያህል አንደፍርም፤ መስማትን ያስተማራቸው ግን ያ ጊዜ ይመስለናል።

በ1928 የኒውዮርክ ገዥ ሆነው ተመረጡ። የግዛቱ ምክር ቤት በተቃዋሚዎቻቸው እጅ ስለነበር ሐሳባቸውን በሬዲዮ ለሕዝቡ በቀጥታ መናገር ጀመሩ። ለሬዲዮ የተመቸ ድምፅ ነበራቸው፤ ቀስ ብለው ይናገሩ ነበር። ከፊት ጥርሶቻቸው መካከል ባለው ክፍተት የተነሣ ንግግራቸው ማይክሮፎን ላይ እንዳያፏጭ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርተው ለንግግር ብቻ ያደርጉት ነበር። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ ግን ስንቶቻችን ነን ለስብሰባ ይህን ያህል የምንዘጋጀው?

ማርች 4 ቀን 1933 ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የአብዛኞቹ ግዛቶች ባንኮች ተዘግተዋል ወይም ገንዘብ ማውጣት ተገድቧል። ቀደም ባሉት ሦስት ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ ባንኮች ከስረው የቆጣቢው ገንዘብ ቀልጦ ስለነበር ሰው የቀረችውን እያወጣ ቤቱ ይደብቅ ነበር። ጤነኛ ባንክም ቢሆን ሁሉም በአንድ ቀን አውጣ ካለው ይወድቃል። ሩዝቬልት ማርች 6 ቀን በአገሪቱ ያሉ ባንኮች በሙሉ እንዲዘጉ አዘዙ። ምክር ቤቱ ማርች 9 ቀን የባንኮችን ሕግ በአንድ ቀን አወጣ።

ቀጥሎ እሑድ ማርች 12 ቀን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሬዲዮ ተናገሩ። ንግግሩ አሥራ አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። 60 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሰማው ይገመታል።

እኛን የገረመን የንግግሩ አሠራር ነው። የጀመሩት ሕዝቡን በመገሠጽ ወይም ጠላት በመፈለግ አይደለም፤ ባንክ ምን እንደሆነ በማስረዳት ነው። የምታስቀምጡት ገንዘብ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ እንደማይቀመጥ፣ ብድር ሆኖ እንደሚሠራበት፣ ስለዚህም ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠይቅ በጥሬው ሊገኝ እንደማይችል ተናገሩ። ይህ በእኛ ሙያ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው፤ ብዙ ባለሙያ ግን ሰው ይህን ካወቀ ይደነግጣል ብሎ ይደብቀዋል። እሳቸው ፍርሃቱን የቀነሱት ራሱን ምስጢሩን በመግለጥ ነው። ከዚያ ባንኮቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚከፈቱ ነገሩ፤ ሰኞ በአሥራ ሁለቱ ዋና ከተሞች፣ ማክሰኞ በሌሎቹ፣ ቀጥሎም በየመንደሩ። የአንዱ ባንክ በር ሰኞ አለመከፈቱ ከስሯል ማለት እንዳልሆነ አስቀድመው አስታወቁ። ደስ የማይለውንም አልዘለሉትም፦ ሁሉም ባንክ አይከፈትም፣ አንዳንዱም ሰው ጥቂት ይጎዳል አሉ። ችግሩን ታግሦ ላሳለፈው ሕዝብም ምስጋና አቀረቡ።

ሰኞ ባንኮቹ ሲከፈቱ ሰው ተሰለፈ፤ የተሰለፈው ግን ገንዘቡን ለመመለስ ነበር። ተደብቆ ከነበረው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ባንክ ተመለሰ። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ማርች 15 ቀን ሲከፈት ዋጋው በአንድ ቀን ከ15 በመቶ በላይ ዘለለ።

እዚህ ላይ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ንግግሩ ብቻውን ይህን አላደረገም። ሕጉ ማዕከላዊው ባንክ ለተከፈቱት ባንኮች የሚያስፈልጋቸውን ጥሬ ገንዘብ እንዲያቀርብ ፈቅዶ ነበር፤ መርማሪዎችም በችኮላ ቢሆን መዝገቦችን አይተዋል። ከንግግሩ ጀርባ ገንዘብ ነበረ ማለት ነው። ደግሞም የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና የሚባለውን ሐሳብ ሩዝቬልት መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር፤ በዚያው ዓመት ሕግ ሆኖ ከጃንዋሪ 1934 ጀምሮ ለአንድ ቆጣቢ እስከ 2,500 ዶላር መሸፈን ሲጀምር ምስጋናው ግን ለእሳቸው ሆነ።

ባንኮቹ በተዘጉበት በዚያው ሰኞ ወይዘሮ ኤሊኖር ሴት ጋዜጠኞችን ብቻ ሰብስበው መግለጫ መስጠት መጀመራቸውንም ልንጠቅስ እንወዳለን። ወንዶች ስለማይገቡ ጋዜጦች ወሬው እንዳያመልጣቸው ሴት ጋዜጠኛ መቅጠር ነበረባቸው። ስለዚህች ሴት ለብቻው መጻፍ ይገባል።

ሩዝቬልት በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለውን የሬዲዮ ጨዋታ ሠላሳ ጊዜ ያህል አደረጉ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1942 ስለ ጦርነቱ ሲናገሩ አድማጩ የዓለም ካርታ ፊቱ ዘርግቶ እንዲከታተላቸው አስቀድመው ጠይቀው ነበርና ሱቆች ካርታ አለቀባቸው። ያም ትልቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን ከአራት ቀን በፊት፣ ፌብሩዋሪ 19፣ ጃፓናውያን ትውልድ ያላቸው የራሳቸው ዜጎች ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ እንዲታጎሩ መንገድ የከፈተውን ትእዛዝ ፈርመዋል፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ታጎረ። በ1935 የወጣው የጡረታ ሕጋቸውም የእርሻና የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። በሰው ቤት እንጀራ ጋግረን፣ ልብስ አጥበን ላደግን ለብዙዎቻችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያ ሁሉ ቤት በደረሰ ድምፅ ውስጥ ምግቡን የምታበስለዋ ሴት አልገባችም።

በ1944 ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ግብፅ ውስጥ በግሬት ቢተር ሐይቅ ላይ ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተው ተነጋገሩ። በዚያን ጊዜ ከስተው፣ ደክመው ነበር። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ ከገበሬዎች ጋር ማውራት በለመዱበት በዋርም ስፕሪንግስ ዐረፉ።

የዘንድሮውን የሒሳብ ሪፖርት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ግድግዳ ላይ አንለጥፍም። ቆመን በአሥራ አምስት ደቂቃ እንናገራለን፤ ያልተመለሱትን ብድሮችም ጨምረን። ጥያቄ ያላችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።